በ«ራሃ» ጓዳ የቀትር እንቅልፍ

ሼኩዌ ፋማው ቤት የላቸውም የሚላቸውን ሰው አይወዱም። ቤትማ ነበራቸው። ላሙ ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ግድግዳው ክንድ የሚወፍር የድንጋይ ቤት ከአባታቸው ወርሰው፣ አንዲት ልጃቸው ቲማ ስትዳር በአገሩ ወግ ቤቱን ለሷ ሰጡ። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች አብረው ኖሩ። ሚስታቸው ስትሞት ግን ሽማግሌው ከእንግዲህ በልጄ ቤት እንግዳ ነኝ ብለው ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወጡ። የሄዱት ሩቅ አይደለም። በላሙና በማንዳ ደሴቶች መካከል ባለው የባሕር ሰርጥ «ራሃ» የምትባለው ባለ ሸራ ጀልባቸው መልህቋን ጥላ ትቆማለች፤ እዚያ ሲኖሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

ራሃ ማለት ምቾት ማለት ነው። «ይኼን ስም ያወጣላት ሰው በመጋቢት ወር ገብቶባት አያውቅም» ይላል አቡድ። አቡድ በታንኳ ሰው የሚያሻግር የልጅነት ጓደኛቸው ነው፤ ነገር በማቃለል የሚስተካከለው የለም፤ በዚህ ግን አልተሳሳተም። በጀልባዋ ኋላ በኩል ሁለት ሰው የምታስተኛ፣ ቀና ያለ ሰው አናቱን የሚመታባት አንዲት ጓዳ አለች። የሰሜኑ ነፋስ፣ ካስካዚ የሚሉት፣ ሲነፍስ እንኳን ሰው ንጉሥም ቢተኛባት አያፍርም። መጋቢት ሲጋመስ ግን ካስካዚ ይደክማል፤ የደቡቡ ነፋስ ገና አልተነሣም። በመሀሉ ባሉት ሳምንታት ባሕሩ እንደ ዘይት ይረጋል። ላብ ይወጣል እንጂ አይደርቅም። የጓዳዋ ሳንቃ ቀትር ላይ ቂጣ ያበስላል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌው ይህን ሙቀት ሌላው ሰው አማቱን በሚያነሣበት አኳኋን ያነሡታል፤ ይረግሙታል፣ ግን ከሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። በጉብዝናቸው ዘመን ናሆዳ፣ ማለት የመርከብ አዛዥ ነበሩ። የማንግሮቭ ዛፍ አጣና ጭነው እስከ ሙስካትና እስከ ባስራ ሸራ ከፍተው ሄደዋል። ነፋስ በጠፋበት ወደብ ሃያ ቀን ተቀምጠው፣ የዚያ አገር ሰዎች ከቤታቸው አናት ላይ ግንብ ሠርተው ነፋስን እንዴት አድርገው ወደ ምድር ቤት እንደሚያወርዱት አይተዋል። ከዚያ የተማሩትን አንድ ነገር ለሰማ ሁሉ ይናገሩታል፦ ነፋስ ጨዋ እንግዳ ነው፤ መውጫውን ሳያይ አይገባም። ስለዚህ የራሃን ጓዳ ከፊት በኩል ጣራዋን ቀድደው መግቢያ፣ ከኋላ ከበሩ በላይ መውጫ አበጁላት። በፊተኛው ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ ሸራ የተሰፋ ከረጢት በገመድ ሰቅለው፣ አፉን ወደ ነፋስ አዙረው፣ ከሥሩ ይተኛሉ። አምስት ዓመት በዚህ ተኙ።

በስድስተኛው ዓመት፣ ማለት አምና፣ አቡድ ለአሱር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ሊወስዳቸው ሲመጣ ጓዳዋ ውስጥ ራሳቸውን ስተው አገኛቸው። ሰውነታቸው እሳት ነበር፤ ላብ የሚባል ግን አልነበረባቸውም። ተሸክሞ አወረዳቸው። ሦስት ሳምንት በቲማ ቤት ተኝተው ዳኑ። ተኝተው ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ነበር የሚያድሩት። እግራቸው እንደ ጸና ወደ ራሃ ተመለሱ። ምን አገኘዎት ላላቸው ሁሉ «ሙቀት ነው፤ የአላህ ሥራ» አሉ።

የአላህ ሥራ አልነበረም። ይህን የሚያውቁት ራሳቸው ሼኩዌ ብቻ ናቸው። በሰፊ ባሕር ላይ መልህቅ የጣለች ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ታዞራለች፤ አርባ ዓመት የለመዱትም ይህንን ነው። ሰርጥ ውስጥ ግን ጌታው ውሃው ነው። ውሃው ሲሞላ ጀልባዋን ወደዚህ፣ ሲሸሽ ወደዚያ ያዞራታል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እሳቸውም ስለሚያውቁት ሁልጊዜ ውሃው በሚዞርበት ሰዓት ነቅተው ከረጢቱን ያዞሩ ነበር። ያን ቀን ግን ከረጢቱን አጥብቀው አሰሩና ተኙ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ራሃ ቀስ ብላ ዞራ ጀርባዋን ለነፋስ ሰጠች፤ ከረጢቱም ተኮማትሮ ቀዳዳውን እንደ ክዳን ከደነው። በጉብዝናቸው ሙስካት ላይ አንድ መርከበኛ ገመድ አስሮ ቢተኛባቸው በሕዝብ ፊት ሰድበው አባረውታል። አሁን ያ መርከበኛ እሳቸው ሆኑ። ይህን ለማን ይናገሩታል? ለአቡድ ከተናገሩት በማግሥቱ ዓሣ ገበያ ይሰማዋል። ስለዚህ ዋጡት፤ ዓመቱን ሙሉም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ቲማ ሌላ ሰው ሆነች። ዱሮም በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ምሳቸውን በአቡድ ታንኳ ትልክላቸው ነበር። አሁን አንዲት ቀን ሳታጓድል፣ የሁለት ሰው ምግብ እየላከች፣ አቡድ ሲመለስ «በሉ? ተነጋገራችሁ? ፊታቸው እንዴት ነው?» እያለች ደጅ ላይ ትጠብቀዋለች። ሽማግሌው «ልታወፍረኝና ጀልባዋን ልታሰምጥብኝ ነው» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ቢሆንም ሳህኑን ጠርገው ይበሉታል።

ዘንድሮ መጋቢት ሳይጋመስ ራሷ መጣች። ቲማ የአርባ ዓመት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት፣ የሙሽራ ልብስ በመስፋት የታወቀች ናት፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም። ከታንኳው ሳትወርድ ጀመረች።

«ባባ፣ ሙቀቱ ሳይገባ ይውረዱ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤትዎ ነዋ።»

«ቤቱ ያንቺ ነው።»

«የኔ ከሆነማ እንግዳ የምጠራው እኔ ነኝ። ጠርቼዎታለሁ፤ ይውረዱ።»

«ጓዳዬ ቀዝቃዛ ናት።»

«ቀዝቃዛ?» አለች ቲማ። «አምና አቡድ ተሸክሞ ያወረደዎ ከበረዶ ቤት ነው እንዴ?»

አቡድ መቅዘፊያውን ተደግፎ ሳቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተዪው ቲማ፤ ይኼ ሰውዬ ጀንበር ላይ ቢያስቀምጡት ብርድ ልብስ የሚጠይቅ ነው።»

«አንተ ዝም በል» አሉት ሼኩዌ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሳታዪው አትፍረጂ። ገብተሽ ተኝተሽባት ታውቂያለሽ?»

ቲማ አየቻቸው። አንድ ነገር ስታስብ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትስባለች፤ እናቷም እንዲያ ነበረች። «ጥሩ» አለች። «የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ከቀትሩ ዙሁር እስከ አሱር ጓዳዎ ውስጥ እተኛለሁ። ሳልነቃ ከተኛሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። ካልተኛሁ ፍራሽዎን ተሸክመው ይከተሉኛል፤ ራሃንም ለሰው ይሰጧታል። ዳኛው አቡድ ነው።»

«ዳኛ ምሳ ይበላል» አለ አቡድ።

ሼኩዌ እሺ አሉ። እሺ ማለት ለናሆዳ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውዬው የሰጡትን ቃል የማያጥፉ መሆናቸውን ልጃቸውም ታውቃለች። ለዚህም ነው በቃል ያሰረቻቸው።

ያንን ሳምንት ሽማግሌው እንደ ሠርግ ቤት ሰው ሠሩ። የጓዳዋን ጣራ ከውጭ በኖራ ነጭ አድርገው ቀቡት። በላዩ ላይ ከምሰሶው እስከ ኋላ ድረስ ነጭ ሸራ ዘረጉ፤ ሸራውን ከጣራው ላይ አላስተኙትም፣ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው በአጣና ደገፉት፤ ጥላ ብቻውን አይበቃም፣ በጥላውና በጣራው መካከል አየር ማለፍ አለበት። በሁለቱ ጎን የኮኮናት ቅጠል ጉንጉን አወረዱ፤ የጀንበር ግርፋት ሳንቃውን እንዳያገኘው። ምድጃቸውን ከጓዳዋ በር አንሥተው ከፊት አደረጉት። ፍራሹንም ጠቅልለው አወጡና ሥሩ ክፍት የሆነ የገመድ አልጋ አስገቡ። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የሸክላ እንስራ ነፋሱ በሚገባበት ልክ አስቀመጡ። የቀረው ከረጢቱ ነበር።

የአምናውን ከረጢት እንደገና ሊሰቅሉት አልደፈሩም። አራት አፍ ያለው ፈለጉ፦ ሁለት ሸራ እርስ በርሳቸው ተሻግረው ቆመው፣ ከላይ ቆብ የመሰለ ጣራ፣ ከታች ወደ ቀዳዳው የሚወርድ እግር ያለው። ነፋሱ በየት በኩል ይምጣ፣ ውሃው ጀልባዋን ወደየትም ያዙራት፣ አንዱ አፍ ይጎርሰዋል። በሐሳባቸው ጨርሰውታል። ችግሩ ዓይናቸው መርፌ ማየት ከተወ ቆይቷል። ላሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፌት የሚችል ደግሞ ማን አለ? ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ሸራውን በትከሻቸው አድርገው የልጃቸውን ደጅ አንኳኩ።

ቲማ ሸራውን ገልብጣ እያየች ሳቀች። «ባባ፣ እኔን ለመርታት ለኔ ያሰፋሉ?»

«ሌላ ሰፊ ካለ ንገሪኝ።»

«ልክ ነው፣ የለም» አለች፤ ምስጋና ስትቀበል አታፍርም። ከዚያ የሳሉትን ሥዕል ተመልክታ ጠየቀች። «ለምንድን ነው አራት አፍ? ካስካዚ የሚመጣው ካንድ ወገን አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነፋስ ዘንድሮ ባለጌ ሆኗል» አሉ።

ቲማ ሌላ አልጠየቀችም። ሦስት ቀን ሰፋችው። ሆን ብላ አላልታ ብትሰፋው ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ሼኩዌም ይህ ሐሳብ አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶባቸው በራሳቸው አፍረዋል። በመጨረሻው ቀን ሊወስዱ ሲመጡ እሷ አንዱን ጎን እየተረተረች አገኟት። ምነው ቢሏት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይቺኛዋን ትናንት እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው የሰፋኋት» አለችና በድርብ ክር እንደገና ሰፋችው። ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀምጠው እጇን ሲያዩ ቆዩ። ይህችን ልጅ ወልጄ ምን ጎደለብኝ አሉ በሆዳቸው፤ በአፋቸው ግን «ፍጠኚ፣ ውሃው ሊሸሽ ነው» ነበር ያሉት።

ሐሙስ ደረሰ። ቲማ ቡይቡይዋን፣ ጥቁሩን መሸፈኛ ለብሳ፣ ትራስ በብብቷ ይዛ፣ አቡድ እየቀዘፈ መጣች። አቡድ ሊያሾፍ ተዘጋጅቶ መጥቶ ራሃን ሲያይ ተወው። ጀልባዋ ነጭ በነጭ ሆናለች፤ በፊቷ ላይ ባለ አራት አፉ ሸራ ተነፍቶ ይንቀጠቀጣል። ጓዳዋ ውስጥ እጁን አስገብቶ አወጣ። «ወይ ጉድ» አለ። «የኔ ሚስት ይኼን ካየች እኔም አለቀልኝ።» እስከ አሱር ብሏቸው ሄደ።

ቲማ ገብታ ተጋደመች። ሼኩዌ ከበሩ በላይ፣ በሸራው ጥላ ሥር፣ የከረጢቱን ገመድ በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። የማደርገው መጠበቅ ብቻ ነው አሉ። ነፋሱ ከላይ ወርዶ በእንስራው አጠገብ አልፎ በመውጫው ሲወጣ እግራቸው ላይ ይሰማቸዋል። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ውሃው ዞረ። ራሃም አብራ ዞረች። ሼኩዌ ትንፋሻቸውን ይዘው ሸራውን አዩት። አንዱ አፍ ሟሸሸ፤ ሌላው አፍ ጎረሰ። ነፋሱ አልተቋረጠም። ከታች የልጃቸው ትንፋሽ ረዝሞ፣ ገመድ አልጋው መንቋቋቱን ትቶ ነበር። ተኝታለች፤ ረታኋት አሉ። ከደስታ ብዛት ይሁን ከሳምንቱ ድካም፣ ዓይናቸውን ለአንድ አፍታ ጨፈኑ።

የነቁት አፍንጫቸው ሥር ጣት ተሰምቷቸው ነው።

ዓይናቸውን አልገለጡም። ነፋስ የለም። ሸራው ድምፁን አጥፍቷል፤ ውሃውም ጀልባዋን አይነካካም። ካስካዚ ያን ቀን፣ በዚያች ሰዓት፣ ዓመቱን ጨርሶ ሄዷል። ደረታቸው ላይ በባሕር ውሃ የራሰ ጨርቅ አለ። አንድ ሰው ከራሳቸው በላይ ተቀምጦ በቅጠል ማራገቢያ ያራግባቸዋል። ማራገቢያው ትንሽ ይቆማል፤ ጣቱ እንደገና አፍንጫቸው ሥር ይመጣል፣ ትንፋሻቸውን ይጠብቃል፣ ይሄዳል። ማራገቢያው ይቀጥላል። እንደገና ይቆማል። ሼኩዌ በሽፋሽፍታቸው መሀል አጮልቀው አዩ። ቲማ ናት፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፤ ፊቷ ቀልቷል። ልጅ ሳለች ኩፍኝ ይዟት ሚስታቸው እንዲህ ስታደርግ ሌሊቱን ሙሉ አይተዋል። ጣቷ ስድስት ጊዜ መጣ፤ እሳቸው ስድስቱንም ጊዜ እንደ ተኛ ሰው አድርገው ተነፈሱላት። ምን ያህል እንደምትፈራ ያን ጊዜ ገባቸው።

የአቡድ መቅዘፊያ ድምፅ ሲሰማ ቲማ ፊቷን በቡይቡይዋ ጫፍ ጠራርጋ ተነሣች። ሽማግሌውም አሁን የነቁ መስለው ተቀመጡ።

«እህስ፣» አለ አቡድ ታንኳውን እያሰረ፣ «ዳኛው መጥቷል። ተኛሽ ወይስ ተቀቀልሽ?»

«ተኛሁ» አለች ቲማ። «እንደ ሬሳ ነው የተኛሁት። አሁን ነው የነቃሁ።»

አቡድ ሁለቱን ተራ በተራ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲያው ናሆዳ ረታ። እኔ ደግሞ ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ትረታለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ሼኩዌ ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር። ራሃ የሳቸው ናት፤ ልጃቸው በአላህ ስም ተናግራለች፤ ከእንግዲህ አፏን አትከፍትም። ሸራውን፣ ምሰሶውን፣ የሚወዱትን ሰርጥ አዩ። ከዚያ የልጃቸውን ቀልቶ ያበጠ ፊት አዩ።

«እስከ አሱር አልተኛችም» አሉ።

«ባባ፣ ተኝቻለሁ አልኩ እኮ።»

«አልተኛሽም። ነፋሱ ከሞተ ጀምሮ ስታራግቢኝ ነበር። ነቅቼ ነው የቆየሁት።»

«ተኝቻለሁ!» አለች ቲማ ተቆጥታ። «የተኛሁት እኔ፣ የሚያውቁት እርስዎ? እዚህ እንዴት እንደሚተኙ አየሁ። እኔ ቤት ሦስት ሳምንት አንድ ሌሊት እንዲህ አልተኙም። ይቀመጡ። እኔ ተረታሁ።»

«የተረታሁት እኔ ነኝ አንቺ።»

አቡድ መሀላቸው ቆሞ ቀረ። «እኔ ብዙ ሙግት አይቻለሁ» አለ፤ «ለመረታት የሚጣላ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ሼኩዌ አልሳቁም። ገመዱን ከእጃቸው አስቀመጡ። «ሌላም ነገር አለ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ናሆዳ ድምፅ አልወጣም። «አምና የወደቅኩት በሙቀት አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ከረጢቱን አስሬ ተኛሁ፤ ውሃው ሲዞር አልነቃሁም። ጀልባዋ ዞራ አፈነችኝ። ተራ መርከበኛ የማይሠራው ስሕተት ነው። አፍሬ ደበቅኩት። አቡድም ሰምቷል፤ ነገ ለገበያው ይንገር።»

አቡድ በሕይወቱ የሚያላግጥበት ነገር ያጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቲማ ቁጭ አለች። «በሙቀት አይደለም?» አለች። «በረሃብም አይደለም?»

«የምን ረሃብ?»

«ያን ቀን ምሳ አልላክሁም እኮ፣ ባባ።»

ሼኩዌ ለማስታወስ ሞከሩ። ያን ቀን ምሳ ይምጣ አይምጣ ልብ ብለውት አያውቁም።

«በዋዜማው ተጣልተን አልነበር?» አለች ቲማ። «ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ። ምሳውን ሠርቼ፣ ሳህኑን ከድኜ፣ ዛሬስ ይራቡ ብዬ አስቀመጥሁት። ልኬው ቢሆን አቡድ በስምንት ሰዓት ይመጣ ነበር። ቀስቅሶ ያስነሣዎት ነበር። ሳህኑ ማድቤት ተከድኖ ቆሞ ነው እርስዎን ተሸክሞ የገባው። ዓመቱን ሙሉ አባቴን እኔ ልገድለው ነበር እያልሁ ነው የምተኛው።» እንደ ልጅ አለቀሰች።

ሼኩዌ በአርባ ዓመት ናሆዳነታቸው በመርከባቸው ላይ የተጫነውን አጣና አንድ ሳይቀር ያውቁ ነበር። ይህን ሸክም ግን እሳቸው በዝምታቸው በልጃቸው ላይ ጭነውት ዓመት ሲሞላው አላወቁም። እንዲህ ያለ ኀፍረት ሙስካት ላይ እንኳ አላዩም። ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ በትከሻቸው ላይ ባለው ጨርቅ ፊቷን ጠረጉላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እንደገና። «ያንቺ ምንም የለበትም። ቀደም ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

ቲማ አፍንጫዋን ነፋች። «ይገባዎት ነበር» አለች።

አቡድ ከጀልባዋ ጫፍ ቆሞ ታንኳውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

«ነፋስ እስኪመለስ» አሉ ሽማግሌው፣ «ቀትር ቀትሩን ቤት እመጣለሁ። ሳትጠሪኝ። ሲመሽ ወደዚህ እመለሳለሁ። ይሆናል?»

«ምሳውን እዚያው ይበላሉ?»

«እዚያው።»

«እንግዲያው ይነሡ» አለች ቲማ፤ «የዛሬው ገና አልተበላም።»

ሼኩዌ ጫማቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ታንኳው ወረዱ፤ ከዚያ ዞረው ለልጃቸው እጃቸውን ዘረጉላት።